እሱ ሳያፍር እኔ ለምን አፍርለታለሁ?

ባለፈው ሳምንት አንዲት አብሮ አደጌ ቤት አመሸሁ። ሆረር ፊልም ሲያይ ቆሎ እየቆረጠመ የሚስቅ ጎረምሳ ወንድም አላት። ሦስታችን ሶፋው ላይ ተደርድረን የእንግሊዞቹን «ዘ ኦፊስ» እናያለን። ታሪኩ ወረቀት የሚሸጥ ድርጅት ቢሮ ውስጥ ነው። ለእርዳታ ገንዘብ በሚሰበሰብበት ቀን የበላይ አለቃው ከአንዲት ሠራተኛ ጋር ያጠኑትን ዳንስ ያሳያሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል። ይሄኔ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ፣ ዴቪድ ብሬንትን፣ ቅናት ያንገበግበዋል። ማን ጠየቀው? ማንም! መሀል ገባና ሙዚቃውን በራሱ አፍ እያንጎራጎረ እጅና እግሩን ያወናጭፍ ጀመር። ዳንስ ይባል እንደሆነ እንጃ። ሠራተኞቹ ክው ብለው ያዩታል። እሱ ያሳያቸው መስሎታል።

ያ ሆረር የማይፈራ ጎረምሳ ትራሱን ፊቱ ላይ ደፋ። «አጥፉት! በናታችሁ አጥፉት!» እህቱ ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ግን ከትራሱ ሥር «ቆይ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» አለ።

እኔን የገረመችኝ ይቺ «ከዚያስ?» ናት። ካሳቀቀህ ለምን ታያለህ?

ሪኪ ጀርቬይስና ስቲቨን መርቻንት የሠሩት ይህ ኮሜዲ በቢቢሲ የጀመረው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ሲዝንና አንድ የገና ልዩ ዝግጅት፣ በቃ። የለመድናቸው ብዙዎቹ ኮሜዲዎች ከጀርባቸው የተመልካች ሳቅ ይሰማል፤ የቱ ጋ መሳቅ እንዳለብን ይነግረናል። እነዚህ ሰዎች ሳቁን አወጡት። ካሜራውም ዘጋቢ ፊልም የሚቀርጽ ይመስል፣ ሰውየው ቀልዱን ከተናገረ በኋላ ዝም ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ ያሳየናል። ዝምታውን የሚሸፍንልን የለም፤ እኛው ቁጭ ብለን እንችለዋለን። ሚስተር ቢንን አስታውሱት። ጭንቅላቱን የታረደ ተርኪ ውስጥ ሲከት እንስቃለን እንጂ አናፍርለትም፤ የሌላ ዓለም ፍጡር ነው። ብሬንት ግን የምናውቀው ሰው ነው። የቀድሞ አለቃዬ ሰኞ የነገረንን ቀልድ ሐሙስ ይደግመው ነበር። እኛም ሐሙስ እንደ አዲስ እንስቅ ነበር። ምን ይደረግ፣ እንጀራ ነው።

ጀርመኖች ለዚህ ስሜት «ፍሬምድሼመን» የሚል ቃል አላቸው፤ በሌላ ሰው ፈንታ ማፈር እንደማለት ነው። እኛ ለዚህ አዲስ ቃል አላስፈለገንም፤ አንዲት «ለ» ትበቃናለች። «አፈርኩበት» ስንል ሰውየውን ገፋ አደረግነው ማለት ነው። «አፈርኩለት» ስንል ግን እሱ ሊከፍለው የሚገባውን እፍረት እኛ ከፈልንለት። በ2011 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ማርቡርግ ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን የአእምሮ ማንሻ መሣሪያ ውስጥ አስገብተው የሌላ ሰው ቅሌት ሲያሳዩአቸው፣ የነቃው የአእምሮ ክፍል የሌላ ሰው ሕመም ስናይ የሚነቃው ሆኖ አገኙት። ያውም ባለጉዳዩ መዋረዱን ራሱ ባያውቀውም! ስለዚህ ባለ ትራሱን ልጅ አትሳቁበት፤ እውነትም አሞታል።

«ከዚያስ?» የሚያሰኘን ግን፣ እኔ ሳስበው፣ ይሉኝታ ነው። እርቦን «አሁን በላሁ» ብለን ያደግን ልጆች ነን። አንድ ቃል አምልጦን እንደሆነ ሌሊት ተገላብጠን የምናድር ነን። ብሬንት ዕድሜ ልካችንን የምንሸሸውን ነገር ሲፈጽም እናያለን፤ ሰማይ አይወድቅም፤ በማግስቱ ቢሮ ይገባል። ይቺ ታሳርፋለች። ላሪ ዴቪድ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ከ2000 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በኤች ቢ ኦ በታየው ተከታታይ ድራማው እኛ የምንውጠውን ሁሉ አውቆ ይናገራል። ለኔ እሱ ቀላሉ ነው፤ ቢያፍርም የራሱ ጉዳይ። የሚከብደኝ መወደድ ፈልጎ የሚያፍረው ሰው ነው።

መንገድ ላይ ምስኪን ሰው አስደንግጠው የሚቀርጹትን ቪዲዮዎች ግን ከዚህ አትቁጠሩብኝ። ብሬንት ተዋናይ ነው፤ ደሞዙን በልቶ ቤቱ ገብቷል። ሎሚዋ የተበተነባት ሴትዮ ግን እዚያው ናት።

ወደ ከባዱ ልምጣ። አሜሪካኖቹ የራሳቸውን «ዘ ኦፊስ» ከ2005 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ሠርተዋል፤ አለቃው ማይክል ስኮት ነው፣ ስቲቭ ካሬል የሚጫወተው። በ2009 በታየ አንድ ክፍል ላይ ማይክል ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይጠራል። ልጆቹ 3ኛ ክፍል ሳሉ «ሁለተኛ ደረጃን ጨርሱ እንጂ የኮሌጁን እኔ እከፍላለሁ» ብሏቸው ነበር። ጨረሱ። ዘፈን አጥንተው፣ ተደስተው ይቀበሉታል። እሱ ምንም የለውም። ገንዘቡ የለም ብሎ ሲናዘዝ በምትኩ የሚሰጣቸው የላፕቶፕ ባትሪ ነው። ላፕቶፑ አይደለም፣ ባትሪው! ከአዲስ ፍቅረኛ ጋር የምታዩት ነገር ከፈለጋችሁ ይሄን አትጀምሩ።

እኔ ይሄን ክፍል አራት ጊዜ ጀምሬ አራቴም አቋርጬዋለሁ። ሚኒስትሪ ያለፍኩ ጊዜ አሜሪካ ያለው አጎቴ ለእረፍት መጥቶ፣ ቤት ሙሉ ሰው ፊት፣ «12ኛን ጨርሺ እንጂ የኮሌጁን ለኔ ተዪው» ብሎኝ ነበር። እናቴ እልል አለች። ጨረስኩ። መጀመሪያ «በሚቀጥለው ወር» አለ፣ ከዚያ ስልኩ መጥራት ብቻ ሆነ። እልህ ይዞኝ ስንት ዓመት ስሙን አልጠራሁም። ኋላ ስንሰማ ለካ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነበር፤ የራሱን ኪራይም በብድር ነበር የሚከፍለው። ያን ቀን እልልታው ደስ ብሎት ነው የተናገረው።

በአምስተኛው ፊልሙን ጨረስኩት። መጨረሻ ላይ የማይክል ጸሐፊ መኪና ውስጥ ታጽናናዋለች። ከዚያ ክፍል ልጆች የሚመረቁት ከሌላው ተማሪ ይበልጣሉ፣ ቃል ባትገባላቸው ብዙዎቹ አቋርጠው ነበር ትለዋለች። ይሄን ልቀበለው አልቀበለው አላውቅም። እኔስ 12ኛ ድረስ የገፋሁት በማን ቃል ነው?

የዛሬ ሁለት ዓመት አጎቴ ለፋሲካ መጣ። ፀጉሩ ገብቷል፣ ለኔ ሰፋ ያለ ሹራብ ይዟል። ቡና ተፈልቶ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ወደኔ ዞር አለና፣ ረስቶት ይሁን ጨንቆት፣ «ትምህርትስ እንዴት ነው?» አለኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ ዕቃ የምታመጣ መስላ ወደ ጓዳ ገባች።

«ጥሩ ነው ጋሼ» አልኩት። ሲኒውን ተቀብዬ ሁለተኛውን ቀዳሁለት።