በሬው ማነከስ የጀመረው መቼ ነው?

ብዙዎቻችን ሁርሶን የምናውቃት በወታደር ማሰልጠኛዋ ነው። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ በደረሰው የጅቡቲ ባቡር አሮጌ መስመር ላይ ያለች ሞቃት ቆላ ናት። በስተደቡብ ከፍ ብሎ የሚታየው የሐረርጌ ደጋ በሰንጋው ስሙ የወጣ ነው። ሰንጋው ከደጋው፣ ፉርሽካው ከድሬዳዋ፣ ገበያው ደግሞ እስከ ጅቡቲ ወደብ፤ ከብት ሰብስቦ ለማድለብ ላሰበ ሰው አካባቢው ይማርካል። እንዲህ ያለ ሰው ከመኖ ዋጋና ከበሬ ጥርስ እኩል ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፦ ሰኮና።

በአገራችን፣ በተለይ በአዳማና በሞጆ ዙሪያ ባሉት ማድለቢያዎች፣ የቦረና ኮርማ ገብቶ እስኪሸጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወር ያህል ይቆያል። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ላይ አንዱ ማነከስ ይጀምራል እንበል። ባለቤቱ ድንጋይ ወግቶት ይሆናል ብሎ ያስባል። እግሩ ታስሮ ሲነሳና ሰኮናው ታጥቦ በቢላ ስስ ተደርጎ ሲላግ ግን ቁስል የለም፤ ገርጣ ባለው መርገጫ ላይ ሮዝ፣ አለፍ ሲልም ቀይ የደም እድፍ ይታያል። ይህ ደም የዛሬ አይደለም። ሰኮና በወር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ ውስጥ ሳለ በደም የተበከለው ክፍል ተገፍቶ ውጭ እስኪታይ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ጉዳቱ የደረሰው እንግዲህ ኮርማው በገባ ሰሞን፣ ገንዳው ላይ ነው።

ሣርና ገለባ የለመደ ጨጓራ በድንገት በቆሎ፣ ፉርሽካና ሞላሰስ ሲሞላበት፣ ስታርችና ስኳር የሚያፈሉ ባክቴሪያዎች በአንዴ ይራባሉ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች በጤናማ ጨጓራ ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ሲሆን፣ ከ5.5 በታች ሲወርድና ላክቲክ አሲድ ሲከማች የጨጓራው ግድግዳ ይቆጣል፤ ገለባ የሚፈጩት ደቂቅ ሕዋሳትም ያልቃሉ። ከሞቱት ባክቴሪያዎች የሚወጣው መርዝና ሌሎች ብግነት የሚያስነሱ ነገሮች ወደ ደም ይገባሉ። በሰኮናው ውስጥ ሥጋውና ቀንድ መሰሉ ግድግዳ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ተቆላልፈው አጥንቱን አንጠልጥለው ይይዙታል። በዚያ ጠባብ ቦታ የደም ዝውውሩ ሲታወክ መያዣው ይላላል፣ አጥንቱ ወደ ታች ይሰምጣል፣ መርገጫውን የሚሠራውንም ሥጋ ይጨፈልቀዋል። ላሚናይትስ የሚባለው ይህ ነው።

የሁርሶ ሙቀት ነገሩን ያባብሰዋል። አንድ ትልቅ ከብት በቀን 100 ሊትርና ከዚያ በላይ ምራቅ ሊያመነጭ ይችላል፤ ምራቁ የጨጓራን አሲድ የሚያበርድ ባይካርቦኔት የያዘ ነው። ከብቱ በሙቀት ሲያለከልክ ግን ምራቁ በአፉ ይዝረከረካል፣ ማመስኳቱም ይቀንሳል። ቀኑን ሙሉ መኖውን ሳይነካ ውሎ፣ ሲቀዘቅዝ በአንዴ ይግጠዋል። ስለዚህ በቆላ ጥላና በቂ ውኃ የሰኮናም ጉዳይ ነው፤ መኖውም ማለዳና ማታ ተከፋፍሎ ቢቀርብ ይመረጣል።

የሐረርጌ ገበሬ አንድ ወይም ሁለት በሬ አስሮ፣ ማሽላና በቆሎውን ሲያሳሳ የነቀለውን ለጋ አገዳና ቅጠል ጥቂት በጥቂት፣ አንዳንዴም በእጁ እያጎረሰ ነው የሚያደልበው። ይህን ልማድ እጅግ አደንቃለሁ። ቀስ ብሎ ማስለመድና ከገለባ አለማጉደል የሚለው የዛሬው ምክር በገበሬው ደጃፍ በተግባር አለ። መቶ ኮርማ በእጅ ማጉረስ አይቻልም፤ የበቆሎና የፉርሽካውን ድርሻ ግን በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ይቻላል።

ማነከስ ሁሉ ግን ከመኖ አይመጣም። በማድለቢያ በጣም የሚታወቀው የሰኮና መበስበስ ነው። ጭቃና እበት ያራሰውን፣ ጠጠር የጫረውን የሁለቱን ሰኮናዎች መሐል ቆዳ ፉዞባክቴሪየም የሚባል ጀርም ይገባበታል። ከሰኮናው በላይ ያለው ክፍል በሁለቱም ጎን እኩል ያብጣል፣ ጣቶቹ ይራራቃሉ፣ የሚሰነፍጥ ክርፋት ይወጣል። በጊዜ ከተደረሰበት ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ በጥቂት ቀን ያድነዋል። በሦስትና በአራት ቀን ለውጥ ካልታየ ጉዳቱ ወደ መገጣጠሚያው ዘልቆ ሊሆን ስለሚችል እንደገና መመርመር አለበት። ሻካራ ሲሚንቶ ላይ እየተገፋ የተራወጠ ኮርማ ደግሞ የሰኮናው ጫፍ ይሳሳል፤ በዚያ በኩል ጀርም ገብቶ መግል ይቋጥራል። ሰኮናው በጉጠት ሲጫን እግሩን ይነጥቃል። መግሉ በሠለጠነ እጅ ተከፍቶ ካልፈሰሰ መርፌ ብቻውን አይበቃውም።

ብዙ ከብቶች በአንድ ሰሞን ካነከሱና ለሃጫቸው ከተዝረከረከ ግን መጠርጠር ያለበት በአገራችን ሥር የሰደደው አፍተግር ነው። ያኔ አንድም ከብት ከበረቱ ሳይወጣ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ከብት ለውጭ ገበያ ለሚያዘጋጅ ሰው ይህ ትልቁ ስጋት ነው።

ለዚህ ሁሉ ማለዳ ከብቶቹ ወደ ገንዳው ሲሄዱ መመልከት ያስፈልጋል። የፊት እግሩ የታመመ ከብት በታመመው ሲረግጥ ራሱን ወደ ላይ ይነቀንቃል፤ የኋላው የታመመ ጀርባውን አጉብጦ እርምጃውን ያሳጥራል። በመጨረሻ ወደ ገንዳው የሚደርሰው እሱ ነው፤ የተረፈውን በልቶ ተመልሶ ይተኛል። የሰውነቱ መክሳት ዘግይቶ ነው የሚታየው።

የታከመ ከብት መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ በሐኪሙ የተነገረውን ቀን ሳይጨርስ መታረድ የለበትም። መቆም ያቃተው ደግሞ መኪና ላይ አይጫን። በጭነት መኪና ላይ ቆሞ ረጅም መንገድ መጓዝ ለጤነኛውም ከባድ ነው፤ የታመመውን ከወደቀበት ጎትቶ መጫን ጭካኔ ነው።