ዊንዶውስ 10 አብቅቷል፤ ማሽን ውስጥ ያለውስ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል። ይሄን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ግን ኮምፒውተር ማለት ላፕቶፕ ብቻ አይደለም። ኤቲኤም፣ አልትራሳውንድ፣ የላቦራቶሪ ማሽን ውስጥም ኮምፒውተር አለ፤ ብዙዎቹ የሚሠሩትም በዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ ነው።

ታዲያ እነሱም አበቃላቸው? የግድ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች የሚዘጋጅ ለየት ያለ ዊንዶውስ አለ፤ «አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ ኤልቲኤስሲ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው እትም የደህንነት ማሻሻያ የሚያገኘው እስከ ጥር 4 ቀን 2024 ዓ.ም ድረስ ነው። ስሙ ያው ዊንዶውስ 10 ነው፤ ዕድሜው ግን ከላፕቶፓችሁ በ6 ዓመት ይበልጣል።

ለምን? ስልክ ቶሎ ይቀየራል። የሕክምና ማሽን ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። ሲስተሙ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ማሽኑ በትክክል መሥራቱ እንደገና መፈተሽ አለበት። ስለዚህ አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ቀዳዳው ብቻ ይደፈናል።

ካልተደፈነስ? ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችን ኮምፒውተሮች ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሕክምና ቀጠሮዎች ተሰረዙ። የሚገርመው፣ ማሻሻያው ከ2 ወር በፊት ወጥቶ ነበር። በሆስፒታሎቹ ከተጠቁት አብዛኞቹም ገና ድጋፍ የነበረው ዊንዶውስ 7 የጫኑ ነበሩ፤ ማሻሻያውን ግን የጫነላቸው የለም።

ጉዳዩ የእኛም የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ይጁቤ ላይ ማሽን ቢተከል፣ ማሻሻያ የሚጭነው ባለሙያ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል ወይስ ከአዲስ አበባ? ደግሞም ድጋፉ የሚቆጠረው እትሙ ከወጣበት ቀን ነው እንጂ ማሽኑ ከተገዛበት አይደለም። ያገለገለ ማሽን በርካሽ ሲገዛ ወይም በእርዳታ ሲመጣ ግማሹ ዕድሜ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለክሊኒክም ሆነ ለድርጅት ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ጠይቁ፦

1. ውስጡ ያለው ሲስተም የትኛው እትም ነው?
2. የደህንነት ማሻሻያው የሚያበቃው መቼ ነው?
3. ማሻሻያውን መጥቶ የሚጭነው ማን ነው? በውሉ ላይ ተጽፏል?

ሦስተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አይጠቅሙም። ማሽን ለመግዛት እያሰበ ያለ ሰው የምታውቁ ከሆነ አጋሩት።