ፊደሉ ይቅደም፦ የመጀመሪያ የአማርኛ ኮሚካችሁን በነፃ ሶፍትዌር መሥራት



«ኮሚክ መሥራት እፈልጋለሁ፤ የትኛውን አፕ ላውርድ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። ስለ አፖቹ ከታች እጽፋለሁ። ከእነሱ በፊት የሚወሰን አንድ ነገር ግን አለ፤ ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገውም እሱን ነው። በአማርኛ ኮሚክ ስትሠሩ ከሥዕሉ በፊት ንግግሩን ገጹ ላይ አስቀምጡ።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ሣጥኖቹን ያሰምራል፣ በየሣጥኑ አሳምሮ ይሥላል፣ ከዚያ ንግግሩን የሚከትበት ቦታ ይፈልጋል። የተረፈችው ከገጸ ባሕሪው ጆሮ አጠገብ ያለች ጠባብ ጥግ ናት። የአማርኛ ግስ ደግሞ አድራጊውን፣ ተደራጊውን፣ አሉታውን ሁሉ በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚይዝ ይረዝማል። «እንዳልነገርኳችሁ» የሚለውን ጠባብና ረዥም የንግግር ፊኛ ውስጥ ለመክተት ወይ ቃሉን መቁረጥ ወይ ፊደሉን ማሳነስ ግድ ይሆናል። ብትቆርጡት አንባቢ ይደናቀፋል። ብታሳንሱት «ቢ» እና «ቤ»፣ «ሚ» እና «ሜ» በስልክ ስክሪን ላይ አይለዩም፤ ልዩነታቸው እግራቸው ሥር ያለች ትንሽ ምልክት ናትና። ለአማርኛ የሚስማማው ወደ ጎን ሰፋ፣ ወደ ታች አጠር ያለ ፊኛ ነው። ይህ ቦታ የሚገኘው ደግሞ ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት ሲታሰብበት ነው።

በምሳሌ እንየው። አንድ ገጽ፣ አራት ሣጥን፣ ታሪኩ ታክሲ ውስጥ።

በመጀመሪያው ሣጥን ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው!» ይላል። በሁለተኛው ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንድ ልጅ መስኮቱን ተደግፎ ተኝቷል፤ ንግግር የለም። በሦስተኛው ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ወራጅ አለ» ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። በአራተኛው ያ ተኝቶ የነበረው ልጅ ብድግ ብሎ «ወራጅ አለ!» እያለ ይጮኻል፤ ታክሲው ቀጥ ይላል።

ታሪኩ የቆመው በሁለቱ «ወራጅ አለ» መካከል ባለው የድምፅ ልዩነት ላይ ነው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ሁለት መልክ የለውም። ስለዚህ ሹክሹክታን ከጩኸት የምንለየው በመጠን፣ በውፍረትና በእጅ አጣጣል ነው። የእናትየዋን ንግግር በሰፊ ፊኛ መሃል፣ በቀጭን ፎንት፣ አነስ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ዙሪያው ባዶ ይሁን። የልጁን በወፍራሙ ጻፉት፤ ፊኛው የሣጥኑን መስመር ጥሶ ይውጣ። የፍሬኑን ድምፅ በፎንት አትጻፉት፤ ራሳችሁ በብሩሽ ሣሉት፣ ወደ ታክሲው አቅጣጫ ዘንበል ይበል። እዚህ ላይ ስትደርሱ ሰዎቹ ገና በእርሳስ የተጫሩ ክብና መስመር ቢሆኑም ታሪኩ ይነበባል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ።

📱 ስልክ ብቻ ላለው፦ አይቢስ ፔይንት። የጃፓኖች ሥራ ነው፤ ነፃው ማስታወቂያ ያሳያል። ገጹን በሣጥን የሚከፋፍል መሣሪያ አለው፤ በጣት ሲሣል የሚንቀጠቀጠውን መስመር የሚያቃና ቅንብርም አለው። የራሳችሁን የአማርኛ ፎንት ማስገባትም ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ፦ የጃፓን ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። በማንጋ አቀማመጥ የተዘጋጀ ገጽ ካገኛችሁ ሣጥኖቹንና ፊኛዎቹን ለእኛ አነባበብ ገልብጧቸው።

💻 ኮምፒውተር ላለው፦ ክሪታ። ኬዲኢ በተባለው የነፃ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ የሚሠራ፣ ክፍያም ማስታወቂያም የሌለው ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ይሠራል። የተዘጋጁ የንግግር ፊኛዎች ስላሉት አንዱን ጎትታችሁ ማስፋት ትችላላችሁ።

🧒 ለትንንሽ ልጆች፦ ተክስ ፔይንት። ቢል ኬንድሪክ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፤ ከ3 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ሲሆን በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሄዳል። ብሩሹ ድምፅ አለው፣ ማኅተም የሚመታበት መሣሪያ አለው፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። እኔ በጣም የምወድለት ልጁ የሣላቸውን ሥዕሎች መርጦ በተርታ የሚያሳይበትን ቦታ ነው። አራት ሥዕል የሣለች ልጅ ቅደም ተከተላቸውን ራሷ መርጣ እንደ ታሪክ ታሳያችኋለች። «ከዚያስ?» ብላችሁ ስትጠይቋት አምስተኛውን ለመሣል ትመለሳለች። ኮሚክ የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ለፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኖቶ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ውፍረት ስላለው ከላይ ላልኩት የድምፅ ሥራ ይመቻል።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል።

1. ገጹን ክፈቱ። ልታሳትሙት ካሰባችሁ ለኤ4 ወረቀት 2480 በ3508 ፒክስል ይበቃል፤ በኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው።
2. ሣጥኖቹን አስምሩ።
3. ንግግሩን ጻፉ፤ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ሰው አፍ ላይ የማይመጣውን ሰርዙ። ከዚያ ፊኛውን በዙሪያው ሣሉ።
4. በተረፈው ቦታ ሰዎቹን በቀላሉ ጫር ጫር አድርጉ። ወረቀት ላይ መሣል የሚቀናው ሰው ሥዕሉን በስልክ አንስቶ ማስገባት ይችላል።
5. የተጫረውን አደብዝዛችሁ ከላዩ በአዲስ ሌየር በቀለም አጥሩት። ሌየር በሥዕል ላይ እንደሚደረብ ላስቲክ ነው፤ የላዩን ብትሰርዙ የታችኛው አይነካም።
6. በመጨረሻ ቀለም ቀቡ። ንግግሩ ምንጊዜም ከሁሉ በላይ፣ ለብቻው ሌየር ላይ ይቀመጥ።

የመጨረሻዋ ነጥብ ያላትን ጥቅም ማየት የሚፈልግ «ፔፐር ኤንድ ካሮት»ን ይመልከት። ፈረንሳዊው ዳቪድ ሬቮይ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክሪታ እየሣለ በነፃ የሚያሰራጨው ኮሚክ ነው። የሥዕሎቹን ዋና ፋይሎች ሳይቀር ማንም እንዲያወርዳቸው ፈቅዷል። ጽሑፉ ከሥዕሉ ተለይቶ ስለተቀመጠ በጎ ፈቃደኞች ሥዕሉን ሳይነኩ በብዙ ቋንቋ ተርጉመውታል። ፋይሉን ከፍቶ ሌየሮቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሥዕልን በሣጥን ከፋፍሎ ታሪክ መንገር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ የሚሣልበት የታወቀው ሸራ ብዙ ጊዜ 44 ሣጥን አለው፤ ከየሥዕሉ ጋር ማብራሪያ ይጻፍበታል። እዚያ የሚናገረው ተራኪው ነው። ኮሚክ የሚጨምረው የሰዎቹን የራሳቸውን ድምፅ ሥዕሉ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህን በአማርኛ የሠሩ አሉ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. በአማርኛና በእንግሊዝኛ የወጣው «ጀምበር» የተባለው የጀግና ኮሚክ አንዱ ነው። ግን አማርኛ በየቀኑ ከሚነገርበት ቦታ ብዛት አንጻር የተሣለው በጣም ጥቂት ነው። የገበያው ክርክር፣ የሰርግ ቤቱ ጫጫታ፣ የቡናው ወሬ ሁሉ ገና ፊኛ ውስጥ አልገባም።

ስለዚህ ባለብዙ ምዕራፍ ታሪክ ከማቀድ በፊት አንድ ገጽ ጨርሱ። በዚህ ሳምንት በጆሯችሁ የሰማችሁትን ሁለት ሰዎች የተባባሉትን ውሰዱ፤ አራት ሣጥን ይበቃዋል። ስትጨርሱ ገጹን በስልክ ስክሪን ልክ አሳንሳችሁ አንብቡት፤ ዓይናችሁን ካጠበባችሁ ፊደሉን አሳድጉ። ስትልኩልኝ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቀው መጀመሪያ የሚደበዝዘው ጽሑፉ ነው። የደረሰኝን ሁሉ አነባለሁ፤ የፈቀዳችሁልኝንም እዚሁ ቻናል ላይ እለጥፋለሁ።