ተማሪ ለውትድርና ሊወሰድ ይችላል? ሕጉ ምን ይላል? ወላጅና ሰፈርተኛስ ምን ማድረግ ይችላሉ?

ጫንጮ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ የምትማሩ ከሆነ "አፈሳ" የሚለውን ቃል ከቤተሰብ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ቃሉ የደርግ ዘመን ትዝታ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በኦሮሚያ ክልል ለመከላከያ ምልመላ ተብሎ ያለፈቃዳቸው የተያዙ ሰዎች እንዳሉ ይፋ አድርጓል። ከነሱ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ነበሩበት። ለማስለቀቅ ገንዘብ የተጠየቁ ቤተሰቦችም ነበሩ። በሌላ በኩል መከላከያ ምልመላው በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው ይላል።

እሺ፣ ታዲያ መስመሩ የቱ ጋ ነው?

🔹 መጀመሪያ፦ ዕድሜ

ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ሕፃን የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ሁሉ ነው። ማንም ሕፃን ለውትድርና እንዳይመለመልም ይከለክላል። ሕፃናት በጦርነት እንዳይሳተፉ የወጣውን የተባበሩት መንግሥታት ተጨማሪ ፕሮቶኮልም አገራችን እ.ኤ.አ. በ2014 ተቀብላለች።

ስለዚህ 17 ዓመት የሆነው ልጅ "ፈቅጄ ነው" ቢል እንኳ አይሆንም። የልጁ ፈቃድ ሕጉን አይሽረውም።

🔹 ሁለተኛ፦ ፈቃድ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተማሪ መሆን ብቻውን ከምልመላ አያስቀርም። በአገራችን ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ወይም ያቋረጠ ብዙ ስለሆነ 10ኛ ክፍል ላይ 19 እና 20 ዓመት የሞላው ተማሪ አለ። እሱን የሚጠብቀው ዕድሜው ሳይሆን ፈቃዱ ነው። ወድዶ ከገባ መብቱ ነው፣ ማንም "ለምን?" ሊለው አይገባም። ካልፈለገ ግን ከመንገድ ተይዞ የሆነ ግቢ ውስጥ መዋል ማደር ምልመላ አይባልም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ላይ ማንም ከሕግ ውጪ ነፃነቱን እንደማያጣ ይደነግጋል።

🔹 ችግሩ ከየት ይመጣል?

ታሪኩን እንይ። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ አወጣ። ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ተብሎ ተጻፈ። አፈጻጸሙ ግን ለቀበሌና ለገበሬ ማኅበር ኮታ መስጠት ነበር። ከታች ያለው ሰው የተጠየቀው "ስንት አመጣህ?" ተብሎ እንጂ "ዕድሜው ስንት ነው?" ተብሎ አልነበረም። ስለዚህ ቁጥር ለመሙላት ከገበያም ከመንገድም ታፈሰ፣ ከ18 በታች ያሉ ልጆችም ሄዱ። በመጨረሻም በ1983 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ወረቀት ላይ ያለ ዕድሜ፣ መሬት ላይ የሚጠይቅለት ሰው ከሌለ ዋጋ የለውም።

🔹 ሌሎች አገሮችስ?

አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ስምና ስልክ ለወታደር መልማዮች እንዲሰጡ ያስገድዳል። ወላጅ ግን "የልጄን አትስጡ" ብሎ ደብዳቤ ማስገባት ይችላል። የወላጆችና የመምህራን ቡድኖች ይህን ለቤተሰብ ሲያስረዱ፣ ደብዳቤም ሲያስሞሉ ኖረዋል። የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ተማሪዎች የሚወስዱት የውትድርና ፈተና ውጤት በቀጥታ ለመልማዮች እንዳይሄድ በሕግ ከልክሏል። ማንም ሠራዊቱን አላፈረሰም። የተጠየቀው ትምህርት ቤት የትምህርት ቦታ ሆኖ እንዲቀጥል ብቻ ነው።

🔹 እኛ ጋስ ምን ይቻላል?

1. የዕድሜ ማስረጃ ይዘጋጅ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ ወይም የትምህርት ቤት መታወቂያ ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ለቤተሰብም ላኩ። ስልካችሁ ቢወሰድ እነሱ ጋ ይገኛል።

2. የዘመን አቆጣጠሩን አጣሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ ነው ወይስ በፈረንጅ? ልዩነቱ 7 ወይም 8 ዓመት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 የተወለደ ልጅ በ2018 ገና 18 አልሞላውም።

3. የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ አጀንዳ ይሁን። "ልጅ ቢጠፋ ርዕሰ መምህሩ ለማን ይደውላል? የተማሪነት ማረጋገጫ ደብዳቤ በስንት ሰዓት ይሰጣል?" የሚለው ቀድሞ ይወሰን።

4. አገር ሽማግሌዎችና እድር ይግቡበት። አንድ እናት ብቻዋን ቀበሌ ብትሄድ "ነገ ነይ" ልትባል ትችላለች። ሽማግሌዎች፣ መምህርና የእድር ዳኛ አብረው ሲሄዱ ግን መልስ መስጠት ግድ ይሆናል።

5. የተያዘ ሰው ካለ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቦታውንና ሰዓቱን ጻፉና ለኢሰመኮ አቤት በሉ። ለፍርድ ቤትም "አካልን ነፃ የማውጣት" አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል።

6. ለማስለቀቅ ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደጠየቀ መዝግቡ። ገንዘብ ከፍሎ ማስወጣት የአንድን ቤት ልጅ ያድናል፣ ቁጥሩ ግን ከጎረቤት ይሞላል።

አንድ ጥንቃቄ፦ ያልተጣራ ወሬ፣ የሠራዊት እንቅስቃሴ ወይም የተያዘን ልጅ ፎቶ ዝም ብላችሁ አትልቀቁ። ልጁንም ቤተሰቡንም፣ እናንተንም ለአደጋ ያጋልጣል።

አገር መከላከያ ያስፈልጋታል፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ወታደር መሆን ክብር የሚሆነው ግን ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው አስቦ፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ሲሄድ ነው። ደብተር ይዞ ወጥቶ በዚያው የቀረ ልጅን ማንም በጎ ፈቃደኛ ሊለው አይችልም።

ለክፍል ጓደኞቻችሁና ለወላጆቻችሁ አጋሩት።