ቨርቹዋላይዜሽን ከተከፈተ በኋላ በሰርቨር ላይ ስለሚታይ የፕሮሰሰር ችግር

እንደሚታወቀው ፕሮሰሰር ማለት ኮምፒዩተሩ የታዘዘውን ሁሉ እያሰላ የሚፈጽም ክፍል ነው። ሰርቨር ደግሞ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያገለግል ኮምፒዩተር ነው። ቨርቹዋላይዜሽን የተባለው ዘዴ አንዱን ሰርቨር ከፋፍሎ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ፕሮሰሰርና ሜሞሪ ያላቸው የሚመስሉ ብዙ ኮምፒዩተሮች ያደርገዋል። ይህን የሚያከፋፍለው ፕሮግራም ሃይፐርቫይዘር ይባላል፤ በእርሱ ሥር የሚያድሩትን ኮምፒዩተሮች በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «እንግዶች» እንላቸዋለን።

ይህ ዘዴ በተከፈተ ማግሥት ሰርቨሩ ቢዘገይ ወይም በድንገት ቢቆም ብዙ ሰው «ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ለመፍረድ ይቸኵላል። ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የሰርቨር ፕሮሰሰር በአገራችን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው፤ መጥቶ ቢተከልም በሽታው ከሌላ የመጣ እንደ ሆነ ያው ችግር ተመልሶ ይታያል። እስከዚያው ድረስ በዚያ መኪና ላይ ያደሩት እንግዶች ሁሉ፣ የተማሪዎች መዝገብም ሆነ የሒሳብ ክፍል ሥራ፣ ቆመው ይቈያሉ። ስለዚህ ምርመራው ከታች ጀምሮ በተራ እንዲካሄድ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የነገሩን መሠረት እንመልከት። ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ ኮምፒዩተር በደንብ ሊከፋፈል የሚችለው የመኪናውን አስተዳደር የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ ከእንግዳ በመጣ ጊዜ ተይዞ ለአዛዡ ፕሮግራም የሚቀርብ ሲሆን ነው ብለው አስረዱ። በየቢሮው የተለመደው የኢንቴል ዐይነት ፕሮሰሰር ግን ለብዙ ዘመን ይህን አያሟላም ነበር። ኢንቴል በ2005፣ ኤ.ኤም.ዲ. በ2006 ለዚሁ የሚረዳ አዲስ ክፍል በፕሮሰሰሮቻቸው ውስጥ ጨመሩ። ይህ ክፍል በብዙ መኪናዎች ላይ ተዘግቶ ስለሚመጣ፣ ባለቤቱ ባዮስ በተባለው የመነሻ ማስተካከያ ገብቶ ይከፍተዋል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «በእውነት ተከፍቷልን?» የሚል ነው። በሊኑክስ ላይ የፕሮሰሰሩን ዝርዝር ስናነብ፣ ኢንቴል ከሆነ «ቪ ኤም ኤክስ»፣ ኤ.ኤም.ዲ. ከሆነ «ኤስ ቪ ኤም» የሚል ምልክት ይገኛል። ምልክቱ እያለ ሃይፐርቫይዘሩ «በባዮስ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ቢሰጥ፣ የጐደለው ፈቃድ እንጂ ችሎታ አይደለም። ፈቃዱም መኪናው ሲነሣ ስለሚቈለፍ፣ ማስተካከያውን ከመዘገቡ በኋላ ኮምፒዩተሩን ፈጽሞ አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት ይገባል። ሃይፐር-ቪ የተባለው የማይክሮሶፍት ሃይፐርቫይዘር ከዚህ ጋር፣ ለመረጃ በተለየ የሜሞሪ ቦታ ላይ ትእዛዝ እንዳይፈጸም የሚከለክለው መጠበቂያም እንዲከፈት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «የምናነበው መለኪያ ትክክለኛው ነውን?» የሚል ነው። ሃይፐር-ቪ ሲተከል ከዊንዶውስ በታች ይገባል፤ ቀድሞ ጌታ የነበረው ዊንዶውስም ራሱ ከላይ ያደረ ይሆናል። ስለዚህ የተለመደው ታስክ ማናጀር የእንግዶቹን ድካም አያሳይም፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ የፈታ መስሎ እየታየ እንግዶቹ ሁሉ ሊዘገዩ ይችላሉ። እውነተኛው ልክ የሚገኘው ፐርፎርማንስ ሞኒተር በተባለው ፕሮግራም ውስጥ የሃይፐርቫይዘሩን የራሱን ቈጣሪዎች በማንበብ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የአከፋፈሉ ነገር ነው። 16 የሥራ ክፍል ባለው ሰርቨር ላይ ለ5 እንግዶች ለእያንዳንዳቸው 16 ፕሮሰሰር ብንመድብ፣ 80 ተስፋ ሰጥተን 16 ብቻ ይዘናል ማለት ነው። አምስት ቤተ ሰብ በአንድ ምጣድ ሲጋግር ተራ የሚጠብቀው እንጀራው ቢዘገይበት፣ ምጣዱ ተሰብሯል አይባልም። በሊኑክስ እንግዳ ላይ «ቶፕ» በተባለው ትእዛዝ «ኤስ ቲ» የሚለው ቍጥር፣ በቪ.ኤም.ዌር ላይ ደግሞ «ሲ.ፒ.ዩ. ሬዲ» የሚለው፣ እንግዳው ለሥራ ተዘጋጅቶ ፕሮሰሰር ሲጠብቅ ያሳለፈውን ጊዜ ያሳያሉ። ይህ ቍጥር ከፍ ካለ መድኀኒቱ ለእንግዳው ፕሮሰሰር መጨመር ሳይሆን፣ የማያስፈልጋቸውን እንግዶች መቀነስ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ሰርቨሩ በድንገት የሚቆም እንደ ሆነ ይነሣል። ለዚህ በ2009 የወጣው የኢንቴል ዚዮን 5500 ፕሮሰሰር ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ዊንዶውስ ሰርቨር 2008 አር 2 ተጭኖ ሃይፐር-ቪ ሲከፈት፣ ቍጥሩ 101 የሆነ የማቆሚያ መልእክት እየታየ ሰርቨሩ ይቆም ነበር። ምክንያቱ የፕሮሰሰሩ የአሠራር ጉድለት ነበር፤ ማንም ያልጠራው የማቋረጫ ምልክት ይነሣ ነበርና። ማይክሮሶፍት በቍጥር 975530 በታወቀው ጽሑፉ የፕሮግራም ማስተካከያ አቀረበ፤ ማስተካከያው እስኪጫን ድረስም ፕሮሰሰሩን ሥራ ሲፈታ የሚያስተኙት «ሲ-ስቴት» የተባሉት ደረጃዎች በባዮስ እንዲዘጉ መከረ። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የሚገባው፣ ጥፋቱ በእውነት የፕሮሰሰሩ በሆነበት ጊዜ እንኳ ያንኑ ዐይነት ሌላ ፕሮሰሰር መግዛት ምንም ባልጠቀመ ነበር። ስለዚህ ባዮሱንና ሃይፐርቫይዘሩን ማደስ ከመግዛት ይቀድማል።

ታዲያ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሚጠረጠረው መቼ ነው? ቨርቹዋላይዜሽኑን ዘግተን ከባድ ሥራ ስንሰጠው ችግሩ ካልጠፋና በመኪናው የስሕተት መዝገብ ላይ የዕቃ ጉዳት ከተጻፈ፣ በመጀመሪያ ሙቀቱንና ሜሞሪውን እንመርምር። ከዚያም ሁለት ፕሮሰሰር ባለው ሰርቨር ላይ ቦታቸውን እናለዋውጥ፤ ስሕተቱ ፕሮሰሰሩን ተከትሎ ከሄደ ጥፋተኛው እርሱ ነው፤ በቀድሞው ቦታ ከቀረ ግን ቦርዱን መመርመር ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ውጤቱን ከነሰዓቱ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው ሰርቨሩ ቢድንለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው ሊያውቅ አይችልምና።