የቀነሰው ክብደት ለምን ይመለሳል?

ክብደት ለመቀነስ በሚጥሩ ሰዎች ዘንድ የተለመደ እሮሮ አለ፦ «የምበላው ትንሽ ነው፤ ክብደቴ ግን ንቅንቅ አይልም»። ብዙዎች ምክንያቱን በተፈጥሯቸው ወይም በጽናት ማነስ ያሳብባሉ።

እ.ኤ.አ. በ1992 በኒው ዮርክ የተካሄደ ጥናት ይህንኑ እሮሮ መርምሯል። ተመራማሪዎቹ በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እንደሚመገቡ የገለጹና ክብደታቸው አልቀንስ ያላቸውን 10 ሰዎች ለሁለት ሳምንት ተከታተሉ፤ ሰውነታቸው ያቃጠለውንም ኃይል በላቦራቶሪ ዘዴ ለኩ። የሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም ከሚጠበቀው የራቀ አልነበረም። የራቀው ግምታቸው ነበር፤ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አጋንነው መዝግበዋል። ይህ የግድ ውሸት አይደለም፤ በመሐል የሚቀመሰውን ሁሉ ማንም በትክክል አያስታውስም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነና ወደ 1,700 የሚጠጉ አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናትም፣ የሚመገቡትን በየቀኑ የመዘገቡት ሰዎች ምንም ካልመዘገቡት በእጥፍ የበለጠ ክብደት መቀነሳቸውን አሳይቷል።

ከባዱ ሥራ ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት፣ ከክብደታቸው ቢያንስ አንድ አሥረኛውን የቀነሱ 314 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታትሏል። ከፊሎቹ በአካል፣ ከፊሎቹ በኢንተርኔት ሲማሩ፣ ለቀሩት የሚደርሳቸው ጽሑፍ ብቻ ነበር። ትምህርቱ የትራፊክ መብራትን ይመስላል፦ እስከ 1.4 ኪሎ የሚደርስ ጭማሪ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቢጫ፣ 2.3 ኪሎ ሲደርስ ቀይ። ቀይ ላይ የደረሰ ሰው ክብደት መቀነሱን እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻም ጽሑፍ ብቻ ከደረሳቸው 72 በመቶው፣ በአካል ከተማሩት ግን 46 በመቶው 2.3 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ጨምረው ተገኙ። ከተማሩት መካከልም በየዕለቱ ራሳቸውን የመዘኑት ክብደታቸውን በተሻለ ሁኔታ ጠብቀዋል። ሁለት ኪሎን መመለስ አሥር ኪሎን ከመመለስ ይቀላልና፣ ቁም ነገሩ ለውጡን በጊዜ ማወቅ ነው።

በአንድ ትሪ ለሚመገብ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ግን ምዝገባው የራሱ ፈተና አለው። ከጋራ ገበታ የተነሣውን፣ እምቢ የማይባለውንም ጉርሻ ማን ይቆጥራል? በወጡ ውስጥ የገባው ዘይትና ቅቤም ከዓይን የተሰወረ ነው። ሆኖም ማዕዱን መተው አያስፈልግም፤ የራስን እንጀራ አስቀድሞ መለየትና ወጡ ሲሠራ ዘይቱን በማንኪያ መለካት ግምቱን ወደ እውነታው ያቀርበዋል።

ነፍሰ ጡሮችና የአመጋገብ መታወክ ያጋጠማቸው ሰዎች ግን በየዕለቱ ከመመዘናቸው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል።