በበጋ ወራት ወደ ስሜን እና ባሌ ተራሮች ሲጓዙ ምን ይልበሱ? ምን ይያዙ?

ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ወራት ሰማዩ የሚጠራበት፣ መንገዱ የሚደርቅበትና የዱር እንስሳት በቀላሉ የሚታዩበት ወቅት በመሆናቸው የስሜን ተራሮችን እና የባሌ ተራሮችን ብሔራዊ ፓርኮች ለመጎብኘት ተመራጭ ናቸው። የገናንና የጥምቀትን በዓላት ለማክበር ወደ ጎንደር የሚመጡ በርካታ ወገኖቻችንም ጉዟቸውን እስከ ደባርቅና ከዚያም በላይ ያራዝማሉ። ይሁን እንጂ «በጋ» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያዘናጋል። በእነዚህ ተራሮች ላይ እጅግ ቀዝቃዛ የሆኑት ሌሊቶች የሚታዩት በዚሁ በበጋ ነው። ይህ መረጃ ዜጎች ተገቢውን ዝግጅት አድርገው በደህና ጎብኝተው እንዲመለሱ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

የአየሩ ሙቀት በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ የሳንቃበር ካምፕ ከ3,200 ሜትር፣ የግጭ እና የጨነቅ ካምፖች ደግሞ ከ3,500 ሜትር በላይ ናቸው። በባሌ የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል።

በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድርን ሙቀት ያቆያል። በበጋ ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች በፍጥነት ይበተናል። በዚህ ምክንያት ሌሊቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ማለዳም ሣሩ በውርጭ ተሸፍኖ ይታያል። ረፋድ ላይ በሸሚዝ ብቻ የተጓዘ ሰው ማምሻውን ሊንቀጠቀጥ እንደሚችል አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

አለባበስ፦ አንድ ወፍራም ሳይሆን ሦስት ተደራራቢ

በአንድ ቀን ውስጥ ብርድም ሙቀትም ስለሚፈራረቁ፣ የሚወልቅና የሚደረብ ልብስ ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይሻላል።

1. የውስጥ ልብስ፦ ላብን ይዞ የማያስቀር የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ጨርቅ ልብስ ይመረጣል። ጥጥ ላብ ከመጠጠ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ዕረፍት ሲወስዱ ሰውነትን ያቀዘቅዛል።
2. መካከለኛ ልብስ፦ ሙቀት የሚይዝ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ ጃኬት።
3. የላይ ልብስ፦ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። በገደሉ አፋፍና በሳነቴ አምባ ላይ ከብርዱ ይልቅ የሚጎዳው ነፋሱ ነው።

ጆሮን የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት፣ ቢያንስ ሦስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ እንዲሁም አስቀድሞ የተለማመዱት፣ ቁርጭምጭሚት የሚደግፍ ጫማ አይዘንጉ። ለጉዞው ቀን ብለው አዲስ ጫማ ከመጫማት ይቆጠቡ። ጋቢ በካምፕ ውስጥ ምሽቱን ለማሳለፍ የሚተካው የለም፤ ሆኖም ጥጥ በመሆኑ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልለው ይያዙት። ለመኝታም ደረቅ ልብስ ለብቻው ያስቀምጡ፤ ቀን የተጓዙበትን ልብስ ለብሶ መተኛት ለብርድ ያጋልጣል።

የልብስዎ ቀለም ከአካባቢው ጋር የሚስማማ፣ ደብዘዝ ያለ ቢሆን እንስሳቱን ለመቅረብ ያግዛል። የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ መልበስ ግን አይመከርም።

በሻንጣዎ ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸው

• የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የከንፈር ቅባትና የፀሐይ መነጽር። ጎጂው የፀሐይ ጨረር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ አየሩ ቢቀዘቅዝም ቆዳ ይቃጠላል።
• ለዜሮ በታች ሙቀት የተዘጋጀ የመኝታ ከረጢት እና የመሬቱን ቅዝቃዜ የሚከላከል ፍራሽ።
• የእጅ ወይም የራስ ባትሪ ከመለዋወጫ ድንጋይ ጋር። ብርድ ባትሪን ቶሎ ስለሚያደክም፣ ሌሊት ስልክዎንና የካሜራ ባትሪዎን በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ያቆዩ።
• በቂ ውሃ የሚይዝ፣ ደጋግሞ የሚያገለግል ኮዳ። ማምሻውን ሙቅ ውሃ ሞልተው እግርዎ ሥር ቢያደርጉት ሌሊቱን ያሞቃል።
• ዘወትር የሚወስዱት መድኃኒት፣ የራስ ምታት ማስታገሻ እና የቁስል መጠቅለያ።
• የቆሻሻ መያዣ ከረጢት። ይዘው የገቡትን ሁሉ ይዘው ይውጡ።
• መታወቂያ። ለአገር ውስጥ ጎብኚዎች በተወሰነው የመግቢያ ክፍያ ለመገልገል ያስፈልጋል።

ከፍታን የሚመለከት ጥንቃቄ

በ4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሳንባችን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች በደባርቅ ወይም በዲንሾ ቢያንስ አንድ ሌሊት አድረው ቢወጡ ይመረጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማዎ ወደ ላይ መውጣትዎን ያቁሙ። ካልተሻለዎ ይውረዱ። የንግግር መዘባረቅ፣ የእርምጃ መንገዳገድ ወይም ቁጭ ባሉበት የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ሕመምተኛውን ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ሕይወት ያድናል። የሚሰማዎትን ሕመም ከመሪዎና ከስካውትዎ አይደብቁ።

ይዘው የማይሄዱት

ውሻ፦ ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ብቻ በዓለም ላይ ቀርተዋል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ይኖራሉ። ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል።

ለእንስሳት የሚሰጥ ምግብ፦ ጭላዳዎች ከሰው እጅ መብላት ከለመዱ የተፈጥሮ ባሕርያቸው ይለወጣል፤ ለአካባቢው አርሶ አደርም ችግር ይሆናሉ።

ክፍት እሳት፦ በበጋ ሣሩና አስታው እንደ ጭድ ይደርቃሉ። በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች የተነሳው ቃጠሎ ያደረሰው ጉዳት የሚዘነጋ አይደለም። ለምግብ ማብሰያ የጋዝ ምድጃ ይጠቀሙ፤ የሲጋራ ቁራጭ አይጣሉ።

ድሮን፦ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይገኝ ማስገባትም ሆነ ማብረር አይቻልም።

ከመነሳትዎ በፊት

የስሜን ተራሮች ጎብኚዎች በደባርቅ፣ የባሌ ተራሮች ጎብኚዎች ደግሞ በዲንሾ በሚገኙት የፓርክ ጽሕፈት ቤቶች ተመዝግበው ክፍያ ይፈጽማሉ፤ መሪና ስካውትም በዚያው ይመደብላቸዋል። የመንገዱንና የአካባቢውን ወቅታዊ የጸጥታ ሁኔታ ጉዞ ከመጀመርዎ በፊት ያረጋግጡ፤ የሚመለሱበትን ቀንም ለቤተሰብዎ ያሳውቁ።

የስሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978፣ የባሌ ተራሮች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮውና የደጋ አጋዘኑ የሁላችንም ናቸው። በሚገባ ተዘጋጅቶ የሚሄድ ጎብኚ ራሱንም ቅርሱንም ይጠብቃል።

መልካም ጉዞ!